በአያ ደርሶ ስም ያለ ቁጥር

ሐሙስ ጠዋት ከጎንደር የተነሣሁት፣ ረቡዕ ዕለት በገዛ እጄ ያጠፋሁትን ለማቃናት ነው። የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው አገር ለማየት ወይም ገዳም ለመሳለም ወጣሁ ቢል ያምርበታል። እኔን ከቤቴ ያስወጣኝ አንድ ሲም ካርድ ነው።

ፒያሳ አጠገብ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ጉርድ ፎቶ አትሜ እቆርጣለሁ። በመቁረጥ እንኳ አልታማም። ባለቤቴ ደሳለኝ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "ያንቺ እጅ ማስመሪያ አያሻውም" እያለ ደንበኛ ፊት ያሞግሰኝ ነበር። ጉድ የሠራኝም ይኸው ሙገሳ ነው።

የእህቴ ልጅ ባንቺአምላክ አዋላጅ ነርስ ናት። ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ሁለቱንም ዓመት ያሳለፈችው እኔ ሱቅ ውስጥ የሰው ወረቀት ኮፒ ስታነሳ ነው። አሁን ግን የቅጥር ፈተናውን አልፋ ለአንድ ጤና ጣቢያ ተመደበች። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በቀጣሪው ድረ ገጽ ገብታ ምደባውን መቀበሏን ማሳወቅ። ለዚያ ደግሞ ስትመዘገብ በሰጠችው ስልክ ቁጥር ባለ ስድስት አኃዝ የማረጋገጫ ኮድ ይላካል። ገደቡ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ካለፈ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል።

ደስ ብሎኝ አዲስ ስልክ ገዛሁላት። የአሮጌው ስክሪን ተሰንጥቆ ጣቷን ይቧጭራት ነበር። አዲሱ የሚቀበለው ትንሿን ሲም ሆነና የእሷ የድሮው ትልቁ ሆኖ ተገኘ። "ለዚች ብለሽ ግማሽ ቀን ልትሰለፊ ነው? አምጪያት" አልኳት። በፎቶ መቁረጫዬ አንድ ጊዜ ተጫንኩ፣ ሁለት ጊዜ ተጫንኩ። በሁለተኛው የሲሟ ወርቃማ ፊት ከሁለት ተገመሰ። ባንቺ ሁለቱን ስባሪ ለቅማ መዳፏ ላይ ገጣጠመቻቸው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ተያይዘን ወደ አገልግሎት ማዕከሉ ሮጥን። "ምትክ ማውጣት ችግር የለውም" አለ ሠራተኛው፤ ቁጥሩን አስገብቶ ስክሪኑን ሲያይ ግን ራሱን ነቀነቀ። "ቁጥሩ በስምሽ አይደለም" አላት።

"ታዲያ በማን ነው?" አልኩ እኔ።

"መናገር አልችልም። ባለቤቱ ራሱ ከነመታወቂያው ይምጣ። አሻራም መስጠት አለበት።"

ባንቺ ግንባሯን ያዘች። "አያ ደርሶ!" አለች።

አያ ደርሶ ባንቺ ባደገችበት፣ ከዳባት ገባ ብሎ ባለው አገር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ያኔ ባንቺ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ሲም ሻጭ ዳባት ገበያ መጣ። እሷ መታወቂያ አልነበራትም፤ የጎረቤቱም ሁሉ መታወቂያ ወይ ጠፍቷል ወይ ጊዜው አልፎበታል። የታደሰ መታወቂያ የያዙት አያ ደርሶ ብቻ ነበሩ። በእሳቸው መታወቂያ ለሁሉም ተገዛ። እኛም ይህን ረስተን ስንት ዓመት ኖርን።

ቀጣሪው መሥሪያ ቤት ደውዬ ቁጥሩ እንዲቀየር ለመንኩ። "ሲስተሙ አይፈቅድም" አሉኝ። ይህ ሲስተም የሚባል ጌታ ፊቱ አይታይ፣ እጅ አይነሡት፣ አማላጅ አይልኩበት። አያ ደርሶ ዘንድ ደግሞ አሥር ጊዜ ደወልን፤ አሥሩንም ጊዜ የደወልንላቸውን ደንበኛ ማግኘት እንደማይቻል አንዲት ሴትዮ ነገረችን።

ያበላሸሁት እኔ ነኝና የምሄደውም እኔ ሆንኩ። ባንቺ ሱቁ ኮምፒውተር ላይ ገጹን ከፍታ ትጠብቃለች። ዓርብ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ በሱቁ የመስመር ስልክ የራሷን ቁጥር ደጋግማ ትደውላለች። የጠራ ጊዜ ሲሙ ነቅቷል ማለት ነው።

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል

መነኻሪያው ውስጥ ሰው ሁሉ የሚጠያየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ "መንገዱ ሰላም ነው?" ረዳቱ "ሰላም ነው፣ ግቡ" ይላል፤ እሱ ሰላም አይደለም ብሎ አያውቅም። እስከ ዳባት ሦስት መቶ ብር ከፍዬ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጥኩ። ከመነሣቴ በፊት የሃያ አራት ሰዓት የኢንተርኔት ጥቅል ገዝቻለሁ፤ ገደቡ ተራዝሞ እንደሆነ በየመሀሉ ገጹን እያየሁ ልሄድ ነው።

ወለቃን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገባ። ኮሶዬ ላይ ጉም ሜዳውን ሸፍኖት ነበር። አምባ ጊዮርጊስ ከመድረሳችን በፊት ስልኬ ጮኸ፤ ከጥቅሌ ሦስት አራተኛውን ተጠቅሜያለሁ ይለኛል። እኔ እኮ ገና አልከፈትኩትም! ለካ ስልኩ በጓዳ በኩል አንድ በማላውቀው መተግበሪያ ላይ እድሳት ሲያደርግ ኖሯል። የሚያድስልኝን ነገር መቼ ጠየቅሁት? ከአጠገቤ ያሉ አንድ መነኩሴ ስበሳጭ አይተው "ምነው ልጄ፣ ክፉ ወሬ ሰማሽ?" አሉኝ። "አይ አባ፣ ሳልበላው አለቀብኝ" ብል አዘኑልኝና ከአገልግላቸው ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። አፍሬ ተቀበልኩ። በላሁትም።

ሁለት ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። ሁለቱም ጊዜ መታወቂያ ሲጠየቅ ቦርሳዬን ስበረብር አንድ ሐሳብ ውስጤን በላው፤ አያ ደርሶ መታወቂያቸውን ጥለውት ከሆነስ?

ዳባትና ከዳባት ገባ ብሎ

ሦስት ሰዓት ከሩብ ዳባት ወረድኩ። ባጃጅ ጠጠሩ መንገድ እስከሚያልቅበት ወሰደኝ፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ሰዓት በእግር ነው። ገብሱ እየታጨደ ነበር። ደጋው ላይ ያለው ብርሃን ዓይን ይወጋል። የከተማ ጫማ አድርጌ ስንገዳገድ አጫጆቹ ቀና እያሉ "በርቺ!" ይሉኛል፤ ማላገጣቸው ይሁን ማበረታታታቸው አልገባኝም።

የአያ ደርሶ ባለቤት ወይዘሮ አትጠገብ በግቢያቸው ባቄላ ይወቃሉ። ስሜን ስነግራቸው አቅፈው ሳሙኝ፤ የመጣሁበትን ስነግራቸው ግን ዱላቸውን ጣሉ።

"አዬ ልጄ፣ እሱ የለም! ማክሰኞ ነው ዛሪማ የወረደ። በመስኖ ውሃ ተራ ሰዎች ተጣልተው አንዱ የሌላውን ክንድ ሰብሮ፣ ለዕርቅ ጠርተውት።"

"ስልካቸው ምነው አይሠራም?"

"ምን ብሎ ይሠራል፣ ቻርጅ የት ተገኝቶ! ደግሞ ሽማግሌ ከተቀመጠ ስልክ አይከፍትም። ነውር ነው።"

"መታወቂያቸውስ?"

"እሱንስ ከደረቱ አይለየውም" አሉኝ፤ ይህ ብቻ ትንሽ አስተነፈሰኝ። እርጎ ካልጠጣሽ አትሄጂም ብለው ያዙኝ። ቆሜ ጠጣሁት። ሳይቀየሙኝ አልቀሩም።

ሐሙስ፣ ደባርቅ

ደባርቅ ስደርስ አሥር ሰዓት ሆኗል። በዚያ ሰዓት ሊማሊሞን የሚወርድ መኪና አጣሁ። የቀረኝ አንድ ቀንና አንድ ሰዓት ነው። አልጋ በአራት መቶ ብር ያዝኩና ስልኬን ልሰካ ስል መብራት የለም። ግድ የለም፣ ፓወር ባንክ ይዣለሁ፤ ሃያ ሺህ የሚል ጽሑፍ ግንባሩ ላይ የተለጠፈበት፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ያወጣሁበት። ስልኬን ሰካሁበት። አሥራ ሁለት በመቶ የነበረው አሥራ አምስት ሆነና መብራቶቹ ጠፉ። ብነቀንቀው ውስጡ ይንሿሿል። የአልጋ ቤቷ ባለቤት አየት አድርጋ "እኔም ገዝቼ ነበር፤ ስከፍተው አሸዋ ነው" አለችኝ፤ እንዲህ ያለ ዕቃ መግዛት የዕድሜ ጉዳይ እንደሆነ ሁሉ ነገሯ የተረጋጋ ነው። እኔ ግን ሻጩን በሐሳቤ እየተሳደብኩ ተኛሁ።

ከመተኛቴ በፊት የቀረችኝን ባትሪ ቆጥቤ አንድ ሌላ የሃያ አራት ሰዓት ጥቅል ገዛሁ። ገጹ ሊከፈት ክቡ ይዞራል፣ ይዞራል። ደባርቅ ላይ ኔትወርክ አንድ ዘንግ ብቻ ነበር። ተስፋ ቆርጬ አጠፋሁት።

ዓርብ፣ ሊማሊሞ

አንድ ሰዓት ላይ ወደ ሁመራ ባዶውን የሚወርድ የሰሊጥ ጭነት መኪና ጋቢናውን ሁለት መቶ ብር አስከፍሎ አሳፈረኝ። ሊማሊሞን የሚያውቅ ያውቀዋል። መንገዱ ገደሉን እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ከላይ ስታዩት ገና የምትደርሱበት ጥምዝ ከእግራችሁ ሥር ይታያል። ሹፌሩ ሽበት የጀመረው ጎልማሳ፣ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው ስልኩን ከፍ ያደርጋል።

"ወንድሜ፣ መንገዱን እያየህ!" አልኩት።

"ኔትወርክ የምትገኝ እዚህ ጥምዝ ላይ ብቻ ናት። ለቤቴ መድረሴን ሳልነግር አላልፍም" አለ። መኪናውን አቆመ፣ ስልኩን መስተዋቱ ላይ ለጥፎ ደወለ፣ "ደኅና ነኝ" ብሎ ዘጋና መኪናውን አስነሣ። እዚያ ቦታ ላይ የቆሙት ሌሎች ሁለት መኪኖችም ለካ ለዚሁ ነው የቆሙት።

እኔም ከፈትኩ። ባንቺ መልእክት ልካለች። "አክስቴ ገደቡ አልተራዘመም። አገኘሻቸው?" ይላል። መልስ ልጽፍ ስል ጥምዙን አለፍነው፤ ዘንጓም ጠፋች።

ዛሪማ

ዛሪማ ሦስት ሰዓት ገባን። ደጋው ላይ የደረብኩት ሹራብ እዚህ አንገበገበኝ። አያ ደርሶን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ "ሽማግሌዎቹ የት ናቸው?" ስል ሁሉም ወደ አንድ ትልቅ ሾላ ጠቆመኝ። ሰባት ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። በአንድ በኩል ክንዱን የታሰረው ጎልማሳ ከነወገኖቹ፣ በሌላ በኩል የሰበረው። አያ ደርሶ መሀል ናቸው፤ ቀጭን፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሀል ያቆሙ።

በምልክት ጠራኋቸው። አላዩኝም። ቀርቤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። አንዱ ሽማግሌ በእጁ ቁጭ በይ አለኝ። ተቀመጥኩ። ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ተኩል። ተናገሩ፣ ተናገሩ። የውሃው ተራ ከአያቶቻቸው ጊዜ ጀምሮ ተቆጠረ። አራት ሰዓት። የተሰበረው ክንድ እንዴት እንደተሰበረ በሦስት ሰዎች አፍ ተነገረ። አራት ተኩል ሲሆን መቀመጥ አቃተኝ፤ ተነሣሁ።

"አያ ደርሶ! የባንቺአምላክ አክስት ነኝ። የልጅቷ እንጀራ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሊዘጋ ነው፤ እርስዎ በስምዎ ባወጡት ሲም የተነሣ! እዚህ የሰው ዋስ ይሆናሉ፣ የእርስዎ ዋስነት እኮ ነው ልጅቷን ጉድ የሠራት!"

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ሲሙን የቆረጥኩት እኔ ሆኜ ሳለ እንዲህ ማለቴ ወዲያው አንገበገበኝ፤ ግን ከአፌ ወጥቷል።

አያ ደርሶ ቀስ ብለው አዩኝ። "ባንቺ ደኅና ናት?" አሉኝ።

"ደኅና ናት።"

"እንግዲያ እሱን እንደርስበታለን። ከዚህ ተነሥቼ ብሄድ እነዚህ ሰዎች ማታ ይገዳደላሉ። ዋስ ነኝ ብዬ ቃል ሳልሰጥ አልነሣም። ቁጭ በይ ልጄ።"

ተቀመጥኩ። ምን አደርጋለሁ? ስልኬን አወጣሁ፤ አንድ መልእክት ቀድሞኝ ገብቷል። ማታ የገዛሁት ጥቅል ሊያልቅ ጥቂት ሰዓት እንደቀረው ይነግረኛል። ከውስጡ አንዲት ነገር አልተነካችም። ያልቀመስኩትን ሊወስድብኝ ነው፤ ስለመረጥኩትም ያመሰግነኛል። ልወረውረው እጄን አንሥቼ መለስኩት። ወዲያው ስክሪኑ ጠቆረ፤ ባትሪው አልቋል።

ስድስት ሰዓት ሲሆን የሰበረው ተነሥቶ ድንጋይ ተሸክሞ ክንዱ ከተሰበረው ሰው እግር ሥር ወደቀ። ተነሣ ተባለ። ተቃቀፉ። አያ ደርሶ ቆመው ሁለቱም ወገን ቃሉን እንዳይሰብር ዋስ መሆናቸውን ተናገሩ። ሌላ ቀን ቢሆን አለቅስ ነበር። ያን ቀን ግን የማየው ፀሐይዋን ነው። ሽሮ በልታችሁ ካልሄዳችሁ ሲሉ አያ ደርሶ አንድ ጉርሻ ጎርሰው "ልጅቱ ቸኩላለች" ብለው ተነሡ።

ሽቅብ

ሚኒባስ ያገኘነው ሰባት ሰዓት አልፎ ነው። የዕርቁ ሰዎች የአያ ደርሶን ሂሳብ ካልከፈልን ብለው ከሹፌሩ ጋር ሊጣሉ ደረሱ። ሊማሊሞ መሀል ላይ ሰልፍ ጠበቀን፤ አንድ ተሳቢ ጥምዙ ላይ ጎማው ፈንድቶ መንገዱን ይዞታል። ሞተር ጠፋ። ሰው ወረደ።

እኔ ገደሉ ጫፍ ላይ እየተመላለስኩ ነበር። አያ ደርሶ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አዩኝ።

"አያ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ያልኩት ልክ አልነበረም። ሲሟን የቆረጥኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"ምነው ቆረጥሻት?"

"ለአዲስ ስልክ እንድትሆን። መቁረጥ እችላለሁ ብዬ።"

ሳቁ። ከዚያ ስለዚያች የገበያ ቀን ነገሩኝ። ሻጩ ጃንጥላ ዘርግቶ ሲጠራ ሰዉ ከበበው። መታወቂያ ሲል ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። "እኔ ዋስ ሁን ያሉኝ ነው የመሰለኝ። ሰው ብድር ሲወስድ ዋስ እሆናለሁ፤ ሰው ሲያገባ ዋስ እሆናለሁ። ዋስ ማለት ሰውዬው ቢያጠፋ እኔን ያዙ ማለት ነው። ባለቤት አደረጉኝ ብሎ የነገረኝ የለም። ዘጠኝ ጊዜ ጣቴን ሰጠሁ" አሉ። የዘጠኙን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ጠሩልኝ፤ ባንቺን ጨምረው። ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዱ አረብ አገር ነው።

መንገዱ የተከፈተው ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።

ደባርቅ፣ ዓርብ አሥር ሰዓት

ማዕከሉ ውስጥ ስንገባ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር ይላል። ከፊታችን አራት ሰው አለ። አንዷ ሴት ጥቅሌ ሳልጠቀምበት አለቀብኝ ብላ ትከራከራለች፤ ሌላ ጊዜ ብሆን አብሬያት እጮህ ነበር። አያ ደርሶ ሰልፉን "ልጆቼ፣ አንዲት ልጅ እንጀራዋ ሊያመልጣት ነው" ሲሉት አሳለፈን። እኔ ብለምን አይለቁልኝም ነበር።

ሠራተኛዋ ልጅ እግር ናት። ቁጥሩን አየች፣ ከደረት ኪሳቸው የወጣውን መታወቂያ አየች። "ልክ ነው አባቴ። አሻራ ይስጡኝ።"

አያ ደርሶ አውራ ጣታቸውን መስተዋቷ ላይ ጫኑ። መሣሪያው ቀይ አበራ። እንደገና። ቀይ። በሌላኛው እጅ። ቀይ። ሠራተኛዋ መስተዋቷን ጠረገች። ጣታቸውን በሶፍት ጠረገችላቸው። ቀይ።

"አባቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?"

"ገበሬ ነኝ። የእርከን ድንጋይም እሠራለሁ።"

"ጣትዎ ተበልቷል። መሣሪያው አሻራ አያገኝም።"

እጃቸውን አየሁት። እውነቷን ነው፤ የጣታቸው ጫፍ ልሙጥ ሆኗል። እኔ የተቆጣሁት ጥቅል፣ ፓወር ባንክ፣ ስልክ፣ ሁሉም ትንሽ ነገር ሆነ። አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን ሠርቶ ጣቱ ቢያልቅ መሣሪያ አላውቅህም ይለዋል? ሰዓቱ አሥር ከሃያ ይላል።

"አለቃሽን ጥሪልኝ!" አልኩ፤ ድምፄ ከፍ አለ።

"እመቤቴ፣ አለቃዬም ጣት መሥራት አይችልም" አለችኝ፤ ግን አልተቆጣችም፤ አስባ "አባቴ፣ ያኔ አሥሩንም ጣት ሰጥተው ነበር?" ብላ ጠየቀች።

"አሥሩንም፣ ዘጠኝ ጊዜ" አሉ።

ጠቋሚ። ቀይ። መሀል። ቀይ። ከጎኗ ያለችው የጥቅሏን ነገር ስትከራከር የነበረችው ሴት ክርክሯን ትታ ከቦርሳዋ ቅባት አውጥታ ቀባቻቸው። ቀይ። ሠራተኛዋ "ይቅርታ" ልትል አፏን ስትከፍት አያ ደርሶ የግራ እጃቸውን ትንሿን ጣት አነሡ።

"ይችኛዋ ሥራ ፈት ናት። ሞፈር አትይዝ፣ መዶሻ አትይዝ። ሞክሪያት" አሉ።

መሣሪያው አረንጓዴ አበራ። ሰልፉ አጨበጨበ። እኔ ጠረጴዛውን ተደግፌ እንባዬ መጣ።

አዲሷ ሲም በትልቅ ካርድ ላይ ነበረች፤ እንደተፈለገው ትልቋም ትንሿም ከውስጧ ተለይታ ትወጣለች። ስልኬ ሞቷል። አያ ደርሶ ባለ ቁልፍ ስልካቸውን አወጡ፤ ሠራተኛዋ ቻርጀሯን ሰካችላቸው። ሲሟን ልለይ ስል ከእጄ ተቀበሉኝ። "አንቺስ ተይ" አሉ። ትልቋን ሳይሰብሩ አውጥተው አስገቡ።

"ለመንቃት ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል" አለች ሠራተኛዋ።

አሥር ተኩል ሆኗል። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። አሥር ከሠላሳ አምስት። አሥር ከአርባ። አያ ደርሶ ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደ ጫጩት ይዘው ያዩታል። ጎንደር ውስጥ ባንቺ የመስመር ስልኩን ይዛ የራሷን ቁጥር እየደወለች እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ። አሥር ከአርባ ስምንት ላይ ስልኩ ጮኸ።

"ማን ልበል?" አሉ አያ ደርሶ።

የባንቺ ልቅሶ እስከ እኔ ድረስ ተሰማ። "አያ ደርሶ! አያ ደርሶ!" ትላለች።

"አታልቅሺ። ኮዱ እንዲላክ ጠይቂ" አልኩ ስልኩን ነጥቄ። ዘጋች። መልእክቱ መጣ። መነጽሬን ሻንጣዬ ውስጥ ስፈልግ አያ ደርሶ በቄስ ትምህርት ቤት ድምፃቸው ስድስቱን አኃዞች ጮክ ብለው አነበቡ። ባንቺ መልሳ ደወለች፤ ሁለት ጊዜ ደገሙላት። የኮምፒውተሩ ቁልፍ ሲንኳኳ ተሰማ። ከዚያ ባንቺ "ተቀበለኝ" አለች። ሰዓቱ አሥራ አንድ ሊሆን ስድስት ደቂቃ ይቀረው ነበር።

አያ ደርሶ ግን ከጠረጴዛው አልተነሡም። "ልጄ፣ እኔ ብሞት የቀሩት ሰዎች ስልክስ?" ብለው ሠራተኛዋን ጠየቋት።

"ሲማቸው ከተበላሸ ምትክ አያገኙም። በሕይወት ሳሉ አብረው መጥተው በየስማቸው ያዛውሩላቸው።"

"ስማቸውን ጻፊልኝ" አሉኝ። ጻፍኩላቸው። ወረቀቷን ከመታወቂያቸው ጋር አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቷት።

ቅዳሜ፣ ወደ ቤት

ጠዋት አብረን ተሳፈርን። የባንቺን ሲም በወረቀት ጠቅልዬ ይዣለሁ፤ በመጪው ቅዳሜ ባንቺ መጥታ በስሟ ልታዛውር ተስማምተናል። ዳባት ሊወርዱ ሲሉ አያ ደርሶ ወደ እኔ ዞሩ።

"ያንቺስ ቁጥር በማን ስም ነው?"

"በስሜ ነዋ" ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ደሳለኝ ታየኝ፤ ሱቁን በከፈትንበት ሳምንት ሲሙን በእጁ ይዞ ሲገባ። "አንቺ አትልፊ ብዬ እኔው ተሰልፌ አወጣሁልሽ" ብሎኝ ነበር። ቁጥሩ ሱቁ በር ላይ በቀለም ተጽፏል። ባንኬ በሱ ነው፣ ደንበኞቼ በሱ ናቸው። ደሳለኝ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ ገልብጬ አየሁት። እሳቸውም "ሸጋ ዋይ" ብለው ወረዱ።

ጎንደር ስገባ ባንቺ መነኻሪያ ድረስ መጥታ አንገቴ ላይ ተንጠለጠለች። ይህ ጉዞ ምን አስተማረሽ ብትሉኝ፣ ሦስት ቀን ሙሉ በጥቅሉና በፓወር ባንኩ ስጮህ፣ ኪሴ ውስጥ ያለው ነገር የማን እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄ እንደማላውቅ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሱቁን ለባንቺ ትቼ ተሰለፍኩ። ያው የረቡዕ ዕለቱ ሠራተኛ ነው። ቁጥሬን አስገብቶ አየ።

"በስምዎ አይደለም። ባለቤቱ ራሱ ይምጣ" አለኝ።

ያን ሁሉ ቀን ስጮህ የከረምኩት ሴትዮ ቀስ ብዬ ቦርሳዬን ከፈትኩ። የደሳለኝን መታወቂያ አወጣሁ፤ ላዩ ላይ ያለችውን ጉርድ ፎቶ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ጠርዟ ዛሬም ቀጥ ያለ ነው። የሞት የምስክር ወረቀቱንና የወራሽነት ማስረጃውን ከሥሩ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ልጁ አነበበና ቀና ሳይል "ይቀመጡ እናቴ" አለኝ።